ግንባር ላይ ሃያ ደቂቃ

ልጅ ሳለሁ የማውቃት እናቴ ሁለት ሴት ነበረች። አንደኛዋ ከሰንበቴ ገበያ ስትመለስ ድምፅዋ ከእሷ ቀድሞ ቤት የሚገባው፣ መንገድ ላይ ካገኘችው ሁሉ ጋር አንዴ በኦሮምኛ አንዴ በአማርኛ እየተጨዋወተች የምትመጣዋ ናት። ሁለተኛዋ ከእህል ጎታው ጀርባ፣ ብርሃን በማይደርስበት ጥግ፣ ሻሿን ግንባሯ ላይ አጥብቃ አስራ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ የምትተኛዋ ናት። ሁለተኛዋ ስትመጣ ቤታችን ጸጥ ይላል። እኛ ልጆች ውጭ እንድንቆይ፣ ከቤቱ አጠገብ ዶሮ ከጮኸች እንድናባርር እንታዘዛለን። እሷ ምግብ አትቀምስም፤ የቀመሰችውንም ታስመልሳለች። አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ሦስት ቀን እንዲህ ትሆንና ደግሞ ምንም እንዳልነበረ ሰው ተነስታ ውሃ ልትቀዳ ትወርዳለች።

በእኛ አካባቢ ፍልጠት ይሉታል። ስሙ ለበሽታው ልክ ነው፤ ራስን በአንድ በኩል እንደ እንጨት የሚፈልጥ ነገር ነው። ስም ይኑረው እንጂ ምን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። የአባቴ እናት ጂን ነው ብለው ደምድመው ነበር። ዱዓ ተደረገላት፤ ቁርዓን የተቀራበት ውሃ ጠጣች፤ በዋግምት ደሟ ተመጠጠ። አንድ ጊዜም ከሌላ ቀበሌ የመጣች ሴት በጋለ ብረት የጆሮ ግንዷን ተኮሰቻት። ጠባሳው ዛሬም አለ። ፍልጠቱ ግን በልማዱ መምጣቱን አልተወም።

ይህ ሁሉ ሳይሆን ሲቀር ሌላ ትርጉም ተገኘለት። ሥራ ሲበዛ ነው የሚያማት ተባለ። ክፋቱ፣ ነገሩ እውነት መምሰሉ ነው። አጨዳ ሲደርስ፣ ሠርግ ሲሆን፣ እንግዳ ሲበዛ ነበር የሚጥላት። ፀሐይ፣ ርሃብና እንቅልፍ ማጣት በሽታውን የሚቀሰቅሱ ነገሮች መሆናቸውን እኔ የሰማሁት ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። ያኔ ሰዉ የሚያየው ሌላ ነገር ነበር፤ ሥራው ሲመጣ እሷ ትተኛለች።

አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነኝ የአባቴ ታናሽ ወንድም ሠርግ ሆነ። ድግሱ እኛ ቤት ነው። ከሦስት ቀን በፊት ጀምሮ እናቴ ከምድጃ አልተለየችም። በሠርጉ ዕለት ጠዋት በደጃችን ቆማ ከጎረቤት ሴት ጋር ስትስቅ አየኋት። ምን እንዳሳቃቸው አላውቅም፤ እናቴ ወገቧን ይዛ እንደሳቀች ብቻ ትዝ ይለኛል። ፀሐይዋ ሞቅ ሳትል ግን ከጎታው ጀርባ ገብታ ተኝታ ነበር። አክስቶቼ በሥራው መሐል ያጉረመርማሉ። አያቴ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ይህች ሴት የዚህን ቤት ደስታ አትወድም አሉ። አባቴ ከእንግዶቹ መሐል ተነስቶ መጣና ከቤቱ ጀርባ ወሰደኝ። ዝቅ ብሎ፣ ፊቱን ከፊቴ ትክክል አድርጎ ጠየቀኝ።

"እናትሽን እውነት አሟታል?"

እኔ ተናድጄ ነበር። ለሠርጉ አዲስ ቀሚስ ተገዝቶልኛል፤ እናቴ ስለተኛች ግን በእሷ ፈንታ ሳህን እንዳጥብ ተደርጌ ቀሚሱ ጥላሸት ነክቶታል። የመለስኩለት እንዲህ ነው፤

"አላመማትም። ጠዋት ስትስቅ ነበር።"

አባቴ አላናገራትም፤ አልመታትምም። ሠርጉ ካለፈ በኋላ ሽማግሌ ጠርቶ ወደ ወንድሞቿ ወደ ባቲ ላካት። ታናሽ እህቴ ጡት አልጣለችምና አብራት ሄደች። እኔ ከአባቴ ጋር ቀረሁ። እናቴ ባቲ እስከ አጨዳው ማብቂያ ቆየች፤ በሽማግሌ ታርቃ ስትመለስ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሚስት ነበረች። አባቴ ሁለተኛዋን ለማግባት ሌላም ምክንያት ይኖረው ይሆናል። እኔ ግን ለብዙ ዓመታት ነገሩን የማስበው በእኔ አፍ እንደተፈጸመ አድርጌ ነው።

ፍልጠቱ ወደ እኔ የመጣው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ደሴ የጽሕፈት ሥራ ስማር ነው። በትምህርት ላይ እያለሁ የወረቀቱ ግማሽ ጠፋብኝ። የግራው ፊደል ይታየኛል፤ የቀኙ ያብለጨልጫል። ከዚያ ሕመሙ መጣ። የተከራየሁባት ክፍል ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ነጠላዬን ግንባሬ ላይ አሰርኩ። ማንም እንዲህ አድርጊ ብሎ አልነገረኝም፤ እጄ በራሱ አሰረው። ፊቴን ወደ ግድግዳው ሳዞር እናቴ ትዝ አለችኝ፤ ከሕመሙ ይልቅ ያ አስለቀሰኝ። እረፍት ሆኖ ቤት ስሄድ ግን ስለ ሠርጉ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። እኔንም እንደሚያመኝ ብቻ ነገርኳት። እጇን ግንባሬ ላይ አድርጋ ቆየች።

በሰማንያዎቹ የዞኑ መሥሪያ ቤቶች ከሚሴ ላይ ሲደራጁ ከአንዱ በታይፒስትነት ተቀጠርኩ። ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት የጽሕፈት መኪና ነበር፤ አንዱ የአማርኛ፣ ሌላው ለኦሮምኛው የላቲን ፊደል ያለው። ሁለቱም ጤነኛ ጆሮ ይፈታተናሉ፤ ለእኔ ለእያንዳንዷ ፊደል አንድ ምት ነበር። በወር አምስትና ስድስት ቀን የነበረው ሕመም ዓመት በዓመት እየጨመረ ሄደ። ኃላፊዬ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈቃድ ይሰጠኛል። ነገር ግን አንድ ቀን የሩብ ዓመት ሪፖርት በሚጻፍበት ሳምንት ፈቃድ ስጠይቀው ወረቀቱን እያየ፣ ያንቺ በሽታ ሪፖርት ሲደርስ የሚያውቅ በሽታ ነው አለኝ። ቀልድ ነበር፤ ቢሮው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ፈቃድ መጠየቅ ትቼ ኪኒን መዋጥ ጀመርኩ።

መሳቢያዬ ውስጥ ከእርሳሱና ከካርቦን ወረቀቱ ጋር ፓናዶል አይጠፋም። መጀመሪያ ሲያመኝ ነበር የምውጠው፤ በኋላ እንዳያመኝ፤ ከዚያም ጠዋት ስነሳ፣ ገና ምንም ሳይሰማኝ። የጽሕፈት መኪናው ቀርቶ ኮምፒውተር መጣ። ጩኸቱ ሲቀር ይሻለኛል ብዬ ነበር፤ በፈንታው የኮምፒውተሩ ብርሃን ዓይኔን ይወጋኝ ጀመር። በዚያ መሐል አግብቼ ወልጃለሁ። ባለቤቴ አስተማሪ ነው፤ ሲያመኝ ልጆቹን ይዞ ይወጣል። አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ ከእኛ ጋር ለመኖር ከሚሴ ገባች። ስለዚህ በቤታችን ሁለት የሚያማቸው ሴቶች ሆንን። ሁለታችንም በአንድ ቀን የተኛንበት ጊዜ አለ፤ እሷ በአንዱ ክፍል፣ እኔ በሌላው፣ መጋረጃው ሁሉ ወርዶ።

አርባ ዓመት ሲሞላኝ ሕመሙ በወር ከሃያ ቀን አልፎ ነበር። ባለቤቴ ደሴ የሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰደኝ። ሐኪሙ በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ከዚያ በፊት ያየኋቸው ሐኪሞች የት እንደሚያመኝ ነበር የሚጠይቁኝ። እሱ በቀን ስንት ኪኒን እንደምውጥ ጠየቀኝ። አራት አልኩት። ባለቤቴ ከጎኔ፣ ስድስትም ይሆናል አለ። ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"በሽታዎ መጀመሪያ አንድ ነበር፤ ማይግሬን ይባላል፣ ከእናትዎ የወረሱት ነው" አለኝ። "አሁን ሁለት ሆኗል። ሁለተኛውን ያመጣው ኪኒኑ ነው።"

ኪኒኑን መቀነስ ነበረብኝ፤ ለዚያ ግን ሕመሙን ቀድሞ የሚከላከል ሌላ ነገር ያስፈልጋል። አንደኛው መድኃኒት አስም ላለበት ሰው አይሆንም፤ እኔ ደግሞ አስም አለብኝ። ሁለተኛውን ጀመርኩ። ሕመሙን ትንሽ አበረደልኝ፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ በእንቅልፍ ልብ ያስኬደኛል። አንድ ቃለ ጉባኤ ላይ የስብሰባውን ሰብሳቢ "ሰባሪ" ብዬ ጽፌ፣ ለሦስት መሥሪያ ቤት ከተበተነ በኋላ ታወቀ። እሱን ተውኩት። ኪኒኑ ተመለሰ።

ታናሽ እህቴ፣ ያቺ በእናቴ ጀርባ ባቲ የሄደችው፣ በዚያን ጊዜ ዐረብ አገር በአንድ ቤት ትሠራ ነበር። አንድ ዓርብ ስትደውል ድምፅዋ የተለየ ነበር። አሠሪዋ ባልቴት፣ በሳምንት ብዙ ቀን መጋረጃ አስወርደው ጨለማ ክፍል ይተኛሉ። "እትዬ፣ ሴትዮዋ እማን ሆነው ቁጭ ብለዋል" አለችኝ። ከዚያ ያየችውን ነገረችኝ። ባልቴቷ ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ግንባራቸው ላይ አንድ ነጭ ነገር አድርገው፣ ለሃያ ደቂቃ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቀመጣሉ። መሣሪያው በትንንሽ ባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ነው፤ ግንባርን በስሱ ይነዝራል። ሐኪማቸው ነው ያዘዘላቸው። ከዚያ ወዲህ የሚተኙበት ቀን ቀንሷል አለች። እኔ መጀመሪያ ላይ ነገሩን ከዋግምትና ከጋለ ብረት ለይቼ አላየሁትም። ባለጠጋ ሰው ደግሞ የራሱ ዋግምት አለው ብዬ አሰብኩ።

እህቴ ውሏን ጨርሳ ለመመለስ ስትሰናዳ ባልቴቷ አዲስ ሞዴል አስመጥተው ነበርና አሮጌውን ሰጧት። ስለ እናቷና ስለ እህቷ ነግራቸው ኖሯል። ሻንጣዋን ከሚሴ ስትፈታ መሣሪያው በፎጣ ተጠቅልሎ ወጣ። መነጽር የመሰለ፣ ግን ዓይን ላይ ሳይሆን ግንባር ላይ የሚያርፍ የላስቲክ ቅስት ነው። ከእሱ ጋር በርካታ እሽግ ተለጣፊዎች አሉ፤ መሐል ግንባር ላይ፣ ከቅንድብ በላይ ይለጠፋሉ፣ ቅስቱ እነሱ ላይ ይጋጠማል። እናቴ እያገላበጠች አየችው። መብራቱ የሚገባው ወደ ራስ ውስጥ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ለዚህ ነው ሳልነካው ደሴ ይዤው የሄድኩት።

ሐኪሙ ከቦርሳዬ ሳወጣው ከወንበሩ ተነሳ። ስለዚህ መሣሪያ አንብቤያለሁ፣ በዓይኔ ሳየው ግን የመጀመሪያዬ ነው አለ። ከዚያ ወረቀት ላይ ፊት ሳለና ከዓይን በላይ ወደ ግንባር የሚወጣ መስመር አሰመረበት። ይህ ነርቭ ነው፤ የፊትና የግንባርን ስሜት ወደ አንጎል ከሚያደርሰው ትልቅ ነርቭ የሚወጣ ቅርንጫፍ ነው አለ። ማይግሬን ሲነሳ የሚቆጣው ይኸው መንገድ ነው። መሣሪያው ከቆዳው በላይ ሆኖ ነርቩን በየቀኑ በትንሹ ይነካካዋል፤ በሳምንታት ውስጥ ቁጣው እየበረደ ይሄዳል ተብሎ ይታሰባል። በትክክል እንዴት እንደሚሠራ አልታወቀም፤ ለሁሉም ሰው አይሠራም፤ የሚሠራለትንም አያድነውም፣ የሚታመምበትን ቀን ይቀንስለታል እንጂ። ራሴ ውስጥ ወይም ደረቴ ውስጥ በቀዶ ጥገና የገባ ነገር እንዳለ ጠየቀኝ። የለም አልኩት። የሚጥል በሽታስ? እሱም የለም።

ከዚያ ያልጠበቅሁትን አደረገ። መሣሪያውን ከእጄ ወሰደና፣

"ከእርስዎ በፊት እኔ ልቅመሰው" አለኝ።

ግንባሩን በአልኮል ጠርጎ ተለጣፊውን ለጠፈ፣ ቅስቱን ገጠመ፣ ቁልፉን ተጫነ። ነርሷን ጠርቶ ሰዓት እንድትይዝ አደረጋት። ለአንድ ደቂቃ ያህል ምንም አልሆነም። ከዚያ ቅንድቡ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ነርሷ አፏን በእጇ ሸፈነች። ጉንዳን፣ ጉንዳን ነው፣ አሁን የጉንዳኑ ብዛት ጨመረ፣ እያለ ይነግረናል። ትንሽ ቆይቶ ትከሻው ወረደ። ውጭ ወረፋ የያዙ ሰዎች በበሩ ስንጥቅ ሐኪማቸውን ግንባሩ ላይ ነጭ ነገር አድርጎ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያዩት ምን እንዳሉ አላውቅም። አሥር ደቂቃ ሲሞላ አወለቀው። እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ፣ ሌላ ምንም የለም አለ። መስተዋት ፊት ቆሞ የቀላውን ግንባሩን እያየ፣ ልሞክረው እንደምችል ነገረኝ። ሁለት ነገር ግን አዘዘኝ። ፓናዶሉን በሳምንት በሳምንት እየቀነስኩ እንድተው፤ ያመመኝንና ያላመመኝን ቀን በደብተር እንድጽፍ። ሥራዬ መጻፍ ስለሆነ ደብተሩ ቀለለኝ። ፓናዶሉ ነበር የከበደው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ውስጥ ጀመርኩ። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ቢስሚላህ አለች። እህቴ ለጠፈችልኝ። ጉንዳኖቹ መጡ፤ ከዚያ ጉንዳን መሆናቸው ቀርቶ መርፌ ሆኑ፤ ከግንባሬ ወደ አናቴ ወጡ። በአራተኛው ደቂቃ ነቅዬ ጣልኩት። እናቴ ግንባሬን በመዳፏ ይዛ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይቅርብሽ አለችኝ። በማግስቱ ስድስት ደቂቃ ቆየሁ። በሳምንቱ መጨረሻ ሃያውን ሞላሁ። ቁልፉን ደግሞ ሲጫኑት ኃይሉ ባለበት እንደሚቆም ያወቅሁትም በዚያ ሳምንት ነው፤ እህቴ ይህን አሠሪዋ ሲያደርጉ አይታ ልትነግረኝ ረስታለች።

መጀመሪያ የባሰ ሆነ። ኪኒኑን ስቀንስ ሕመሙ ዕዳውን ሊሰበስብ የመጣ ይመስል ሁለት ሳምንት ሙሉ አልለቀቀኝም። የዓመት ፈቃዴን ለዚያ ጨረስኩት። መሣሪያውን ከግድግዳ ጋር ላጋጨው የፈለግሁበት ቀን ነበር። በመጀመሪያው ወር ደብተሬ ላይ የሕመም ቀን ሃያ አንድ ሆነ። በሁለተኛው አሥራ ሰባት። በሦስተኛው ወር መጨረሻ ስደምር አሥራ አንድ ወጣ፤ ተሳስቼ እንዳይሆን ብዬ ባለቤቴን አስደመርኩት። እሱም አሥራ አንድ አለ። ደብተሩን ደሴ ወስጄ ለሐኪሙ ሳሳየው በጣም ደስ አለው፤ ያሻለኝ መሣሪያው ይሁን ኪኒኑን መተዌ እንደሆነ ስጠይቀው ግን፣ ሁለቱም ይሆናል፣ ለይቼ ልነግርዎ አልችልም አለኝ። ይህን ስላለኝ ይበልጥ አመንኩት።

የበሽታዬ ቀን ሲቀንስ የገባኝ ነገር አለ። ለሃያ ዓመት ያህል ነገ ምን እሠራለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ሠርግ ስጠራ፣ ኢንሻአላህ እላለሁ፤ በልቤ ግን ያን ዕለት በየትኛው ክፍል እንደምተኛ ነው የማስበው። አሁን ባቲ ገበያ ሄጄ በፀሐይ ቆሜ መዋል ጀመርኩ። ከአፋር የመጡ ሴቶች ቅቤ ሲሸጡ፣ ከደጋ የወረዱት ሲከራከሩ፣ ያ ሁሉ ጫጫታ ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ ምንም ሳያደርገኝ ሲወጣ እየገረመኝ እዞራለሁ።

በዚያው ዓመት ረመዷን፣ ከሰዓት በኋላ፣ እናቴን ፍልጠቱ ጣላት። ስትጾም ይብስባታል። ኪኒን እንድትውጥ ብለምናት ጾሜን አልፈታም አለች። ስለ መሣሪያው ሐኪሙን አስቀድሜ አማክሬው ነበር፤ ሲመረምራት የሚከለክላት ነገር አላገኘም። እሷ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ አልነካም ብላ ነበር። "የመብራት ሻሽ" ነው የምትለው። አሁን ፊቷ ወደ ግድግዳው ዞሮ ሳለ፣ ያ ነገርሽ ጾም ይፈታል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ባለቤቴ እስከ መስጊዱ ሄዶ ሼኹን ጠይቆ መጣ። ወደ ሆድ የማይገባ ነገር ጾም አይፈታም ብለውታል።

ሻሿን ፈታሁት። ግንባሯ ላይ የሻሹ ምልክት ነበር፤ ወረድ ብሎ የጆሮ ግንዷ ላይ የድሮው የብረት ጠባሳ። ተለጣፊውን ለጠፍኩላትና ኃይሉ ገና ዝቅ ብሎ ሳለ ቁልፉን ተጭኜ አቆምኩት። እጄን ያዘችኝ። እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል፤ መሣሪያው ያመጣው እንባ ይሁን የራሷ አላወቅሁም። ሃያ ደቂቃው ሲሞላ መሣሪያው በራሱ ጠፋ። እንዴት ነሽ አልኳት።

"አልሄደም" አለች። "ግን ራቅ ብሎ ቆሟል።"

ከዚያ በቀስታ፣ እንደው ይህ ነገር በሽታ ነበር ማለት ነው አለችኝ። ሐኪሙ የሳለውን ነርቭ ነገርኳት፤ ከእናት ወደ ልጅ እንደሚሄድም፣ ፀሐይና ርሃብ እንደሚቀሰቅሱትም። ስጨርስ፣ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ልናገረው ያልቻልኩት ነገር አፌ ላይ መጣ።

"እማዬ፣ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ" አልኳት።

ስለ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። የሠርጉን ቀን ነገርኳት፤ አባቴ ከቤቱ ጀርባ የጠየቀኝን፣ እኔ የመለስኩትን። ዓይኗን ሳትገልጥ ሰማችኝ። እኔ የጠበቅሁት ወይ እንድትቆጣኝ፣ ወይ ልጅ ነበርሽ ብላ እንድታልፈው ነው።

"እኔም እኮ ሳያመኝ አመመኝ ብዬ የተኛሁባቸው ቀኖች ነበሩ" አለች። "ደከመኝ ብል ማን ይሰማኛል? ሕመም ሲሆን ግን ዝም ይሉልኛል። ከጎታው ጀርባ ገብቼ ትንሽ አርፍ ነበር።"

ያ የሠርግ ቀን ከየትኞቹ ቀኖች እንደነበር መጠየቅ ፈለግሁ። ጥያቄው ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። እሷም የጠበቀችኝ መሰለኝ፤ ግን አልጠየቅኋትም። በሦስት ቀን ውስጥ ለአንድ ሠርግ ሙሉ የሚበቃ ሥራ የሠራች ሴት፣ አሟት ተኛች ወይስ ደክሟት ተኛች ብሎ መመርመር አሁን ለማን ይጠቅማል? አባቴ ከሞተ ቆይቷል፤ አያቴም እንዲሁ።

"አውፍ ብዬሻለሁ" አለችኝ በኋላ። "አንቺም አውፍ በይኝ። ይህን ያወረስኩሽ እኔ ነኝ።"

የመግሪብ አዛን ሲሰማ በቴምር አፈጠረች። ማታ ከእኛ ጋር ተቀምጣ ሾርባ ቀመሰች፤ ያ ለእሷ በፍልጠት ቀን ሆኖ አያውቅም።

ተለጣፊዎቹ ግን አለቁ። አንዱ ሃያ ቀን ያህል ነው የሚያገለግለው፤ እኔና እናቴ ተጋርተን እየቆጠብን ብንጠቀምም ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ የመጨረሻው መጣበቅ ተወ። ጠብታ ውሃ እያስነካሁ ለጠፍኩት። ያም እንቢ ሲል እርጥብ ጥጥ አስገብቼ በሻሽ አሰርኩት። ያ ስህተት ነበር። ነዘራው አንድ ቦታ ተሰብስቦ ቆዳዬን አቃጠለው፤ ግንባሬ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ቁስል ወጣች። ሐኪሙ ሲያያት ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣኝ። ተለጣፊው ሳይገኝ መሣሪያውን እንዳልነካ አስጠነቀቀኝ። ደሴም አዲስ አበባም አስጠየቅሁ፤ ስሙን የሚያውቅ እንኳ አልተገኘም። እህቴ የድሮ አሠሪዋ ቤት ደወለች፤ ስልኩ አይሠራም።

አምስት ወር ያለ መሣሪያ ቆየሁ። ደብተሬ ላይ ቀኖቹ ቀስ እያሉ ከአሥር ወደ አሥራ አራት ወጡ። ወደ ሃያ ግን አልተመለሱም፤ ፓናዶሉን አልነካሁትምና። ውሃ በሰዓቱ እጠጣለሁ፣ ቁርስ አልዘልም፣ የኮምፒውተሩን ብርሃን እቀንሳለሁ። ሲያመኝም ለአዲሱ ኃላፊዬ አመመኝ እላለሁ፤ ሲደክመኝ ደግሞ ደከመኝ። ሁለተኛውን ማለት ከመጀመሪያው ይልቅ ይከብዳል፤ እየተለማመድኩት ነው።

በመጨረሻ ከእህቴ ጋር አብራ ትሠራ የነበረች የኮምቦልቻ ሴት ለእረፍት ስትመጣ ከዚያው አገር ፋርማሲ ሁለት እሽግ ይዛልን መጣች። አሁን በዓመት አንድ ጊዜ፣ አንዳንዴም ሁለት ጊዜ፣ የሚመጣ ሰው ሲገኝ እናስመጣለን። ሳይገኝ ሲቀር እጠብቃለሁ።

እናቴ ተለጣፊ የምትጋራኝ ጥቂት ጊዜ ብቻ ሆኗል። ስድሳውን ካለፈች ወዲህ ፍልጠቱ በራሱ እየራቃት ሄዶ፣ አሁን ዓመት ሊሞላ ነው ካልመጣባት። ለእኔም እንደዚያ ይሆን እንደሆነ ሐኪሙን ስጠይቀው፣ ለብዙ ሴቶች በዕድሜ ይቀልላል፣ ለእርስዎ ቃል መግባት ግን አልችልም አለኝ። ባለፈው ወር ዘጠኝ ቀን ጻፍኩ፤ ከዚያ በፊት ባለው ስምንት። ከሥራ ስመለስ ጫማዬን አውልቄ፣ ግንባሬን በአልኮል ጠርጌ እቀመጣለሁ። ውጭ ባጃጁ፣ ወደ ደሴ የሚወጣው ከባድ መኪና፣ የዐስር ሶላት አዛን ይሰማኛል። እናቴ ሰዓቱን ታይልኛለች፤ መሣሪያው ሰዓቱን እንደሚያውቅ ብነግራትም አታምነውም።